በእጅ ብልጫ የጸደቀ ሳል

ለአራት ዓመት ልጅ ማሳል አስተምራችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አስተምሬአለሁ። ዓላማ፣ መግቢያ፣ ዋና ክፍልና ማጠቃለያ ያለው የትምህርት ዕቅድም አውጥቼለት ነበር። አዳዲስ መምህራን ስለ ሥራዬ ንገረን ሲሉኝ ከዚህ የተሻለ የማወራው የለኝም። ስለዚህ በቅደም ተከተል ላስረዳ።

ሥራ የጀመርኩት በደርግ ዘመን፣ ጥድ አምባ በምትባል ቀበሌ ነው። ከላሊበላ ወደ ይምርሐነ ክርስቶስ ሲኬድ ዳገቱ ላይ ትገኛለች። ከመምህራን ማሠልጠኛ እንደወጣሁ፣ ጠመኔና አዲስ ሸራ ጫማ ይዤ ደረስኩ። የተቀበሉኝ የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ጓድ አያሌው ነበሩ። ቁመታቸው አጭር፣ ድምፃቸው ረጅም ሰው ናቸው።

«ጠዋት ልጆቹን ታስተምራለህ» አሉኝ። «ከሰዓት በኋላ አዋቂዎቹን፣ መሠረተ ትምህርት። ቅዳሜ ደግሞ የጤና ኮሚቴው ጸሐፊ ነህ።»

«ጓድ ሊቀመንበር፣ ስለ ጤና የማውቀው ትንሽ ነው።»

«አይዞህ፤ ኮሚቴውም እንደዚያው ነው።»

ማደሪያ የተሰጠኝ በመሪጌታ ልሳኑ ግቢ ነው። መሪጌታ በአካባቢው ስማቸው የተጠራ የዜማ መምህር ነበሩ። ተማሪዎቻቸው በግቢው ዙሪያ ጎጆ ቀልሰው ይኖራሉ። ማለዳ ሁሉም ይሰበሰባሉ፤ መሪጌታ ጉሮሯቸውን ይጠርጋሉ፤ ተማሪዎቹም ጉሮሯቸውን ይጠርጋሉ፤ ከዚያ ዜማው ይጀመራል። መጀመሪያ ላይ ግራ ገብቶኝ አንዱን ተማሪ ለምን እንደዚያ እንደሚያደርጉ ጠየቅሁት።

«የኔታ ስለሚያደርጉት ነዋ» አለኝ፣ የማይጠየቅ ነገር እንደጠየቅሁ እያየኝ። በቃል በሚሰጥ ትምህርት ተማሪ ከመምህሩ ላይ መርጦ አይወስድም። ሁሉንም ይወስዳል።

የመሪጌታ ባለቤት እማዋይሽ ትባላለች። አንዲት የአራት ዓመት ልጅ ነበረቻቸው፤ ስንዱ። ከስንዱ በፊት አንድ ወንድ ልጅ ነበራቸው፤ ጀርባው እየጎበጠ ሄዶ፣ እግሩ ከድቶት፣ በመጨረሻ ሞቷል። ሰፈርተኛው ከዛፍ ወድቆ ነው ይላል። እማዋይሽ ግን «ልጄ ዛፍ ላይ ወጥቶ አያውቅም» ትላለች። 

እኔ በገባሁበት ዓመት ስንዱ አንገቷ ላይ፣ ከመንጋጋዋ ሥር ዕብጠት አወጣች። አገሬው ንፍፊት ይለዋል። መጀመሪያ ሽምብራ ያህል ነበር፤ ከዚያ ባቄላ፣ ከዚያ የዶሮ እንቁላል ሊያህል ሆነ። ልጅቷ ምግብ ተወች። ሙቀት ማታ ማታ ይይዛታል። ቀድሞ ዶሮ ስታባርር የምትውለው ልጅ አሁን ዶሮ አጠገቧ ቢጭርም ቁጭ ብላ ታየዋለች። አንድ ጎረቤት ማጭድ አግሎ ሊተኩሳት መጣ። እማዋይሽ ማጭዱን ተቀብላ ውሃ ውስጥ ነከረችና «አመሰግናለሁ» ብላ መለሰችለት።

በዚያው ሰሞን ከወረዳ መልእክት መጣ። የሳንባ ነቀርሳ ያለበት ሰው ከተማ ወርዶ ለወራት መርፌና ኪኒን ይሰጠዋል፤ ሕክምናው እስኪያልቅ ማደሪያና የዕርዳታ እህል ያገኛል፤ ሕመምተኞቹን ማኅበሩ መርጦ ይላክ የሚል ነው። ከመልእክቱ ጋር አንድ ሥዕል ነበር፤ መሐረብ አፉ ላይ አድርጎ የሚያስል ሰው። ያኔ ያለ ማኅበሩ ፈቃድ ከቀበሌ መውጣት አይቻልም፤ ያለ እህሉም ከተማ ውስጥ ለወራት መቆየት አይቻልም። ስለዚህ ነገሩ ሁሉ በምርጫው ላይ ተንጠለጠለ።

ጓድ አያሌው ሥዕሉን ረጅም ጊዜ ተመለከቱት። «ግልጽ ነው» አሉ። «የሚያስል ይላካል። የማያስል አይላክም።»

ቅዳሜ ስብሰባው በትምህርት ቤቱ ሜዳ ተጠራ። አምስቱ የኮሚቴ አባላት ከክፍሌ በወጣ አግዳሚ ላይ ተቀመጡ። እኔ በጸሐፊነት ዳር ያዝኩ። እጩዎች አንድ በአንድ እየቀረቡ ያስላሉ፤ ኮሚቴው እጅ አውጥቶ ይወስናል። የእህሉ ወሬ ቀድሞ ስለተሰማ እጩው ብዙ ነበር።

መጀመሪያ የቀረበው በሬ የሚያህል ጎልማሳ ነው። አሳለ።

«ድገም» አሉት ጓድ አያሌው።

ደገመ። አራት እጅ ወጣ። አንዱ ሽማግሌ እጃቸውን አላወጡም።

«ምን ተቃውሞ አለዎት ጓድ?»

«ተቃውሞ የለኝም፤ ግን ትንሽ ይደርቃል።»

ጸደቀለት። ቀጥሎ የመጣው ከሰል ላይ እንደወደቀ በርበሬ ሁሉን እስኪያስነጥስ ድረስ አሳለ፤ በሙሉ ድምፅ አለፈ። ሦስተኛው አስነጠሰና ይግባኝ ጠየቀ።

እማዋይሽ ስንዱን ይዛ ቀረበች።

«አስዪ የኔ ልጅ» አሏት ጓድ አያሌው፣ ለሕፃን ሲሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

ስንዱ አውራ ጣቷን አፏ ውስጥ ከትታ አየቻቸው።

«አታስልም። ቀጣይ!»

«አንገቷን እዩልኝ እንጂ ጓድ!» አለች እማዋይሽ። «ይሄን አታዩትም?»

«እህቴ፣ እናየዋለን። ግን አንገት ሌላ፣ ሳንባ ሌላ። አንገት በዛሬው አጀንዳ አልተያዘም።»

እኔ እጄን አወጣሁ። «ጓድ ሊቀመንበር፣ ባለሙያ ቢያያት አይሻልም?»

«ይሻላል እንጂ! ግን ባለሙያ ዘንድ የሚሄደው ያሳለ ነው።» ንግግራቸው ውስጥ ቀዳዳ ፈለግሁ፤ አጣሁ።

ማታ እማዋይሽ ጉዳዩን ስትናገር መሪጌታ እንደተቀመጡ ሰሙ። 

«የጠፋው ሳል ብቻ ነው?» አሉ በመጨረሻ።

«ሳል ብቻ ነው።»

«ስንት ዘመን ዜማ ያስተማርኩ ሰው፣ አንድ ሳል ያቅተኛል?»

ትምህርቱ በማግስቱ ተጀመረ። እኔም ሥራዬ ነውና ገባሁበት። ሳልን በሦስት ከፈልኩት፤ አየር መሳብ፣ መያዝ፣ መልቀቅ። ስንዱን ከፊቴ አቁሜ የመጀመሪያውን ክፍል አስረዳኋት። ጉንጯን ነፍታ አየችኝ፤ ከዚያ በሳቅ ፈነዳች።

መሪጌታ መቋሚያቸውን ተደግፈው ያዩኛል። «መምህር፣ አንቱ ነገሩን ይቆራርጡታል። ተማሪው አንዱን ቁራጭ ይዞ ይቀራል። እንዲህ ነው» አሉና ከፊቷ ተቀመጡ። አንድ ጊዜ አሳሉ። «በይ እንግዲህ ልጄ።»

ስንዱ የአባቷን አፍ አየች። ሞከረች። መሪጌታ መልሰው አሳሉ። ሞከረች። ምንም አላስረዷትም። አንድም ጊዜ «ትክክል ነው» አላሏትም። በሳምንቱ መጨረሻ ስንዱ ታስል ነበር፤ አሳሳሏም የሚገርም ነው። ከታች፣ ከሆዷ ይነሣል። መሃል ላይ አንድ ጊዜ ያንቃታል። ከዚያ ሁለት አጫጭር ይከተላሉ። ሲያልቅ ፊቷን ወደ ግራ አዙራ እንትፍ ትልና አፏን በቀሚሷ ጫፍ ትጠርጋለች። እኔ በሦስት የከፈልኩት ነገር ለካ ብዙ ክፍል ነበረው። በዕቅዴ ላይ ማረሚያ ጻፍኩ።

ለወደቁና ተራ ላልደረሳቸው የተጠራው ሁለተኛው ስብሰባ በሚቀጥለው ቅዳሜ ነበር። ሕዝቡ ሳምንቱን ሲለማመድ ስለከረመ ሜዳው ከሩቅ ለሚሰማው የሚያስል የበግ መንጋ ይመስል ነበር። ተራዋ ሲደርስ ስንዱ ቀረበች። «አስዪ» ተባለች። አሳለች።

 በጠርዝ የቆሙት የመሪጌታ ተማሪዎች፣ ይህን ድምፅ ሰምተው የሚያደርጉትን ነገር አደረጉ። ሁሉም ጉሮሯቸውን ጠረጉ። አንዱ እንዲያውም ዜማውን ጀመረና ጓደኛው በክርኑ ደቆሰው።

ጓድ አያሌው ከመቀመጫቸው ተነሡ። «ይሄ ሳል የማን እንደሆነ ሁላችንም እናውቀዋለን!» አሉ። «የመሪጌታ ሳል ነው። ተማሪዎቻቸው በሙሉ ይሄንኑ ነው የሚያስሉት። ጓዶች፣ ይሄ በሽታ አይደለም፤ ትምህርት ነው። ያውም የቤተ ክርስቲያን ትምህርት! ማኅበሩ ሊቀበለው አይችልም።»

«ሳል ሃይማኖት አለው እንዴ?» አለች እማዋይሽ።

«ይሄኛው አለው።»

አምስት እጅ ወጣ፤ ስንዱ ወደቀች። በሁለቱ ስብሰባ በጠቅላላው ስምንት ጤነኛ ጎልማሶች አለፉ። ስንዱ የሚጠበቅባትን ሁሉ አድርጋ ለምን እናቷ እንደምታለቅስ አልገባትም። በመንገድ ላይ ሁለት ጊዜ ደግማ አሳለችላት።

ወደ ከተማ የሚሄዱትን ይዤ የምወርደው እኔ ነበርኩ። በዚያን ጊዜ አንድ ሐሳብ መጣልኝ። «ጓድ ሊቀመንበር፣ ስምንት ሕመምተኛ ወንድ ማን ያበስልለታል?» አልኩ።

ጓድ አያሌው አሰቡ። «ምግብ አብሳይ ደንቡ ይፈቅዳል።»

«እማዋይሽ ትሂድ?»

«ትሂድ።»

«ልጅ ታዝላለች።»

«የታዘለ አይቆጠርም» አሉ። እኚህ ሰው ክፉ አልነበሩም። በር ላይ ቆመው በሩን የሚጠብቁ፣ መስኮቱ ግን አይመለከተኝም የሚሉ ሰው ነበሩ።

ከተማ ስንደርስ የተቀበለችን ሲስተር የሺ ነበረች። ወጣት፣ ቀጭን፣ ፈጣን። ጎልማሶቹን በተራ ልብሳቸውን አስወልቃ ደረታቸውን አዳመጠች። «ደህና ነህ። ደህና ነህ። አንተም ደህና ነህ።»

«ሲስተር፣ እኔ እኮ በሙሉ ድምፅ ነው ያለፍኩት!» አለ አንዱ።

«ጉሮሮህ ቆስሏል። ምን ሆነህ ነው?»

«ልምምድ።»

ሲስተር የሺ ወደ እኔ ዞረች። ስለ ኮሚቴው አስረዳኋት። በቅደም ተከተል ነበር ያስረዳኋት፤ ቢሆንም መሃል ላይ ወንበር ስባ ተቀመጠች። ጎልማሶቹን በሙሉ በመጡበት እንዲመለሱ ካዘዘች በኋላ በሩ አጠገብ የቆመችውን እማዋይሽን አየች።

«ይቺስ?»

«ምግብ አብሳያችን ናት።»

«የታዘለችዋን ነው የምልህ።»

«እሷ ወድቃለች» አልኩ።

ሲስተር የሺ ስንዱን ከእናቷ ጀርባ አወረደች። ከኋላዋ ሆና በሁለት እጇ አንገቷን ግራና ቀኝ ዳበሰች። ከጆሮዋ ጀርባ ጀመረች፤ በመንጋጋዋ ሥር ሄደች፤ ወደ ትከሻዋ ወረደች። ጣቶቿ ሲቆሙ ፊቷም ይቆማል። አንድ ዕብጠት ብቻ አልነበረም፤ ከሥሩ ሌሎች ተያይዘው ነበር፣ እንደ ወይን ዘለላ።

«ስነካት ታለቅሳለች?»

«ኧረ የለም።»

«ይተኩሳል እንዴ ቆዳው?»

«አይተኩስም። እሱ ነው የገረመን። እባጭ ያማል አይደል?»

«ይሄ አያምም። ነቀርሳ ነው።»

«ሳል የላትም እኮ!» አልን እኔና እማዋይሽ በአንድ ጊዜ።

ሲስተር የሺ አስረዳችን። እንደዚያ ሲያስረዱ ደስ ይለኛል፤ አጭርና ግልጽ ነበር። ነቀርሳ ትልቅ ሰው ላይ ብዙውን ጊዜ ሳንባ ውስጥ ይቀመጣል። ትንሽ ልጅ ላይ ግን ከሳንባ አልፎ ይሄዳል። አንገት ላይ ያሉ ዕጢዎች ውስጥ ይገባል፣ ሆድ ውስጥ ይገባል፣ አንጎል ሽፋን ላይ ይወጣል፣ የጀርባ አጥንት ውስጥ ይገባል። ሳል ላይኖር ይችላል።

እማዋይሽ ቀስ ብላ መሬት ላይ ተቀመጠች። «ጀርባም ይገባል?»

«ይገባል።»

«ይጎብጣል?»

«ይጎብጣል። አጥንቱ ሲፈርስ...»

«እግርም ይከዳል?»

ሲስተር የሺ አየቻት። ከዚያ እኔን አየችኝ። «ወንድም ነበራት» አልኩ። 

ከዚያ ሲስተር የሺ ተንበረከከችና ከእማዋይሽ ጋር ዓይን ለዓይን ሆነች። «እህቴ፣ ትንሽ ልጅ ይሄን በሽታ የሚያገኘው ከሚያስል ትልቅ ሰው ነው። ቤት ውስጥ የሚያስል ማን አለ?»

«ማንም የለም።»

«እውነቷን ነው» አልኩ። «እኔም እዚያው ግቢ ነው የምኖረው። የሚያስል ሰው የለም።»

ስንዱ «የሚያስል» ሲባል ሰማች። ተራዋ የደረሰ መሰላት። ቀጥ ብላ ቆመችና አሳለች። ከታች ተነሣ፣ መሃል ላይ አነቃት፣ ሁለት አጫጭር ተከተሉ። ፊቷን ወደ ግራ አዙራ እንትፍ አለችና አፏን ጠረገች።

ሲስተር የሺ ፊቷ ተለወጠ። «ይሄን ከማን ተማረች?»

«ከአባቷ። ለስብሰባው አስተምረዋት ነው» አልኩ።

«አባቷስ ከማን ተማሩት?»

እማዋይሽ አፏን ከፈተች። ዘጋችው። «እሳቸው ከማንም አልተማሩትም» አለች።

ሲስተር የሺ ልጅቷንና እናቷን አስቀረች። እኔን ያንኑ ዕለት ወደ ዳገቱ መለሰችኝ፤ መሪጌታን ይዤ እንድመጣ።

መሪጌታን ያገኘኋቸው ተማሪዎቻቸው መካከል ነው። ለብቻቸው ወስጄ ነገርኳቸው።

«ይሄ የድምፄ ማጥሪያ ነው» አሉ። «ዜማ የሚያውቅ ሰው ጉሮሮውን ይጠርጋል። ከበሽታ ጋር አያደባልቁብኝ መምህር።»

«ስንዱን የያዛት ከዚያ ነው ትላለች ሲስተሯ።»

መቋሚያቸውን መሬት ላይ አስተኙት። መቋሚያ ሲያስተኙ አይቼ አላውቅም። «ልጁስ?» አሉ። «የሞተው?»

ማስረዳት የምወድ ሰው ነኝ። ያን ጊዜ ግን ምንም አላስረዳሁም። መሪጌታ ዝምታዬን ሰሙትና «እንሂድ» አሉ።

ግን ፈቃድ ያስፈልጋል። ለጓድ አያሌው ሁሉንም ነገርኳቸው። በእውነት ደነገጡ፤ ባርኔጣቸውን አወለቁ። «ለካ አንገት ነው!» አሉ። «ተሳስተናል ጓድ መምህር። ስህተቱ ይታረማል።» ቅዳሜ ኮሚቴውን ሰበሰቡ። ከእንግዲህ መመዘኛው አንገት እንዲሆን ተወሰነ። ሳል በሙሉ ድምፅ ተሻረ።

መሪጌታ ቀረቡ። አምስቱም አባላት ተራ በተራ አንገታቸውን ዳበሱ።

«የለም» አሉ ያ እጃቸውን ያላወጡት ሽማግሌ። «ለስላሳ ነው።»

«እንኳን ደስ አለዎ መሪጌታ» አሉ ጓድ አያሌው። «አንገትዎ ንጹሕ ነው።»

«ሳሌስ?»

«ሳል ዛሬ ቀርቷል።»

መሪጌታ ሊመልሱ ሲሉ ሳሉ መጣ። ረጅም ነበር። ኮሚቴው በሙሉ እጁን አጣምሮ በአክብሮት ጠበቀ፤ ሲያልቅ ዜማ ይጀምራሉ ብለው ነው። ዜማ አልተጀመረም። መሪጌታ የጠረጉበትን ነጠላ አዩት፤ እኔም አየሁት፤ ቀይ ነበረበት።

«ጓድ ሊቀመንበር» አልኩ። «ስንዱ አንገት አላት፤ ተቀባይነት አግኝታለች። አይደለም?»

«አግኝታለች።»

«እናቷ ታበስልላታለች። ውሃ ማን ይቀዳላታል?»

ጓድ አያሌው ነጠላውን አዩ። እኔን አዩኝ። ገብቷቸው እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም። «ውሃ ቀጂ ደንቡ ይፈቅዳል» አሉ።

ስለዚህ ስማቸው የተጠራው የዜማ መምህር፣ ዕድሜ ልካቸውን ተማሪ ውሃ የቀዳላቸው ሰው፣ በአምስት እጅ የአራት ዓመት ልጅ ውሃ ቀጂ ሆነው ተሾሙ። አክታቸው በማይክሮስኮፕ ታየ፤ በሽታው ነበረበት። አባትና ልጅ በየጠዋቱ እየተያዩ መርፌ ተወጉ። ስንዱ በመጀመሪያው ሳምንት ከእሳቸው የበለጠ ጮኸች፤ በሁለተኛው ግን እሳቸውን ታባብል ጀመር።

ሕክምናው ረጅም ነበር። የስንዱ ዕብጠት እየሟሸሸ ሄደ፤ አሁን ከመንጋጋዋ ሥር ስስ ጠባሳ ብቻ ቀርቷል። ጊዜው ሲደርስ አንደኛ ክፍል እኔ አስተማርኳት፤ ቁጥር ይከብዳታል። መሪጌታም ድነው ተመለሱ። የመጀመሪያው ማለዳ ተማሪዎቹ ተሰብስበው ጠበቁ። መሪጌታ አፋቸውን ከፍተው በቀጥታ ዜማውን ጀመሩ።

ተማሪዎቹ ተያዩ። የሚከተል ጠፋ። በመጨረሻ ትልቁ ተማሪ በትህትና ጎንበስ አለና «የኔታ፣ መጀመሪያዋን እኮ ዘለሏት» አላቸው።

ከዚያ ወዲህ በየትምህርት ቤቱ ስዘዋወር የምይዘው ነገር ይህ ነው። ትንሽ ልጅ ላይ ነቀርሳ ሳል ላይኖረው ይችላል። አንገት ላይ፣ ጀርባ ላይ፣ ሆድ ላይ ይፈለጋል። ይድናል። ልጁን ያስያዘው ትልቅ ሰው ግን ብዙ ጊዜ ቅርብ ነው፤ ሳሉን ስለለመድነው አንሰማውም።

እናንተም ሞክሩት። ዛሬ ልጅ ስታጥቡ ከኋላው ሁኑና በሁለት እጃችሁ አንገቱን ዳብሱ፤ ከጆሮው ጀርባ ጀምራችሁ፣ በመንጋጋው ሥር፣ እስከ ትከሻው ድረስ። ጣታችሁን አታስቸኩሉት። ትንሽ፣ ወዲያ ወዲህ የምትል ፍሬ ብዙ ልጅ አለው፤ አትደንግጡ። የሚያድግ፣ የማያም፣ ሳምንታት ቆይቶም የማይጠፋ ዕብጠት ካገኛችሁ ግን ልጁን ጤና ጣቢያ ውሰዱት። ከመውጣታችሁ በፊት ቤት ውስጥ ዝም ብላችሁ ቁጭ በሉና አዳምጡ፤ የሚያስል ሰው ካለ እሱንም ይዛችሁ ሂዱ።